የዳኘው ጡሩምባ

በዚያ ዕለት በአባ ይባቤ ግቢ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ካለችው የወይራ ዛፍ አጠገብ የተቀመጥነው ስድስት ነበርን። የግቢው ባለቤትና የዳኘው ሚስት የስንዱ የንስሐ አባት የሆኑት አባ ይባቤ፤ የስንዱ አክስት መነኩሲቷ እማሆይ ጥሩነሽ፤ ከዳባት እስከ ደባርቅ ጨርቅና ጨው የሚነግዱት ሐጂ እድሪስ፤ ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቦ መጥቶም ጥቁሩ ዘይት ከጥፍሩ ሥር ያልለቀቀው መካኒኩ ደሴ፤ የናፍጣ መኪና የሚነዳው ሾፌሩ ካሳ፤ ስድስተኛው እኔ፣ በከተማው ትምህርት ቤት አማርኛና ታሪክ የማስተምር፣ ያኔ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላኝ ሰው። በመካከላችን በጆንያ የተጠቀለለ ባለ ሦስት አፍ የመኪና ጡሩምባ ተቀምጦ ነበር። ስለዚያ ዕለት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ለማንም አልተናገርሁም። ዝም ያልሁት ስለዘነጋሁት አይደለም። ዝም በሉ ተብለን ነበር፤ እኔም በተፈጥሮዬ ዝምታ የማይከብደኝ ሰው ነኝ።

አሁን ያናገረኝ ድምፅ የሌለው መኪና ነው። በቅርቡ፣ የገብሱ አጨዳ ባለቀበት ሰሞን፣ ከደጃፌ ወደ አስፋልቱ የምታወጣዋን ጥርጊያ ይዤ ስሄድ ከፊቴ የነበሩት በጎች አንዳቸውም ጆሯቸውን ሳያቆሙ፣ ከጀርባዬ ጎማ ጠጠር ሲረግጥ ብቻ ተሰማኝ። ዘወር ብል አንዲት ነጭ መኪና አንድ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆማለች። ሞተሯን ያጠፋች መስሎኝ ነበር፤ አላጠፋችም። ሞተር የሚለውን ቃል ለእርሷ ማዋል ይገባ እንደሆነ ግን እስካሁን አልወሰንሁም።

«ጋሼ፣ በሞቴ ይቅር ይበሉኝ» አለች ነጂዋ አንገቷን በመስኮት አውጥታ። «አይሰሙኝም እኮ። በጎቹ አልሰሙኝ፣ እርስዎ አልሰሙኝ። ጎንደር ላይማ የጋሪ ፈረስ ሳይቀር ንቆኛል።»

ትዕግሥት ነበረች፤ የስንዱ ልጅ። ጎንደር መድኃኒት ቤት ከፍታ ከኖረች ብዙ ዘመኗ ነው፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ ግን ወደ ደባርቅ የምትመጣው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። የቤንዚን መኪናዋን ሸጠች። ወረፋው ሰልችቷታል፤ ከእንግዲህም አዲስ የቤንዚን መኪና ወደ አገር አይገባም መባሉን ሰምታለች። «ይቺን እንደ ስልክ ሰክቻት አድራለሁ፤ ጠዋት ትነሳለች» አለችኝ። ሊማሊሞን ትችለው እንደሆነ ብጠይቃት ሳቀች። «ለእሱ አይደል የመጣሁት? ነገ አባቴ የተሰናበተን ቀን ነው። ዘንድሮ ይዤዎት እሄዳለሁ፤ እምቢ አይበሉኝ።» እምቢ አላልኋትም። ከሄደች በኋላ እዚያው ቆሜ አየሩን አሸተትሁ። ምንም የለበትም። በእኛ ዘመን መኪና ከመድረሱ በፊት በድምፁ፣ ካለፈ በኋላ በጭሱ ሽታ ይታወቅ ነበር።

የቤንዚን ሽታ ለእኔ የዳኘው የቆዳ ጃኬት ሽታ ነው። ዳኘው የትዕግሥት አባት ነበር። ጃኬቱ ቡናማ፣ ክርኑ ላይ የነጣ፣ አንገትጌው በበግ ለምድ የተለበጠ ነበር፤ በክረምት ጉም ደባርቅን ሲውጣት ከተማው ሁሉ ጋቢ ተከናንቦ ሲሄድ እርሱ ጃኬቱን ብቻ ለብሶ፣ ቀይ ስካርፍ አንገቱ ላይ አዙሮ ከጋቢና ይወርድ ነበር። ያኔ በደባርቅ የሚከበሩት ሦስት ዓይነት ሰዎች ነበሩ፦ ካህን፣ አስተማሪና ሾፌር። እውነቱን ለመናገር ሾፌሩ ይበልጠን ነበር። እናቶች ሲመርቁ «ሾፌር ያድርግህ» ይሉ ነበር። ጎረምሶቹ ከጉልበት በታች እንደ ደወል የሰፋ ሱሪ ለብሰው፣ በስሙኒ ሻይ ከነዳቦው እየጠጡ የሚያወሩት የማርሽና የጎማ ወሬ ነው። አደባባዩ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የሰልፍ መዝሙር ሲያሰማ ይውላል፤ እነርሱ ግን ጆሯቸውን የሚሰጡት ወደ ሰሜን፣ ወደ መንገዱ ነው። ከገበያው ማዕዘን አንድ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ከመጋረጃው ላይ ሰማያዊ አውቶሞቢል አስሎ፣ ከፊቱ ከእውነተኛ መኪና የተነቀለ መሪ በእንጨት ላይ ተክሎ፣ ሰው ሁሉ ያንን መሪ ጨብጦ ይነሳ ነበር። እኔም ተነስቻለሁ፤ ፎቶው አሁንም አለኝ፤ በሥዕል መኪና ውስጥ በጣም ቆፍጣና እመስላለሁ። ዳኘው ብቻ እምቢ አለ። «የእውነቱን መሪ ስጨብጥ ውዬ የሥዕል መሪ ልጨብጥ?» እያለ በሰው ላይ ይስቅ ነበር። በዚህ ምክንያት ዳኘው አንድም ፎቶ የለውም። ይህን እዚህ የምጽፈው ለኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

መኪናው የጣሊያን ዘመን ቅርስ የሚመስል አሮጌ የቤንዚን ጭነት መኪና ነበር፤ ከቀለሙ የተነሳ ቀዮ እንላት ነበር። ቤንዚን እየጠፋ ሲሄድ የመኪና ባለቤቶች ሞተር እያስነቀሉ ናፍጣ ያስገቡ ጀመር። ደሴም ዳኘውን ሲመክረው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ቀዮን ናፍጣ እናድርጋት፤ ቤንዚን እየለመንህ እስከ መቼ?» ቢለው፣ ዳኘው የሞተሩን ኮፈን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ደሴ፣ ናፍጣ ያስላል፤ ቤንዚን ይዘፍናል» አለው። «እኔ ሳል እየሰማሁ ሊማሊሞን አልወጣም።» ደሴ ሳቀበት። እኛም ሳቅን። ከሊማሊሞ ማዶ ቤንዚን የሚገኘው በደጅ ጥናት በሆነበት ጊዜ እንዲህ ማለት ቅብጠት ነበር፤ አሁን ግን ከሰማኋቸው ብልህ ንግግሮች ሁሉ ይህ ለምን ይበልጥ እንደታወሰኝ አውቃለሁ።

ሊማሊሞን ላላየ ሰው እንዲህ ብል ይበቃል፦ መንገዱ በተራራው ጉያ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ከአንዱ መታጠፊያ ላይ ያለ መኪና ከሥሩ ያለውን አያይም። ስለዚህ የሾፌሮቹ ሕግ ጡሩምባ ነበር። የሚወጣው ይነፋል፤ የሰማው ይመልሳል፤ ሰምቶ ያልመለሰ ሾፌር ደባርቅ ሲገባ ሰላምታ የሚሰጠው አያገኝም። ከሁሉ በላይ ያለውን የመጨረሻውን መታጠፊያ ሲይዝ ግን እያንዳንዱ ለቤቱ የሚነፋው የራሱ ዜማ ነበረው። የዳኘው ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም ነበር። ያንን ድምፅ ንፋስ ወደ ከተማው ሲያመጣው፣ በመንገድ ዳር ምግብ ቤት የነበራት ሚስቱ ስንዱ፣ ከማን ጋር ብታወራ አቋርጣ ወደ ጓዳ ትገባለች። የከተማው ልጃገረዶችም በሠርግ ላይ እንዲህ እያሉ ይጫወቱባት ነበር፦

ሊማሊሞ ወጣ ቀዮ እያቃሰተ፣
የስንዱ ጓዳ ውስጥ ድስቱ ተከፈተ።

ስንዱ ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ነበረች። እኔ ምሳዬን በወር ሒሳብ እርሷ ዘንድ እበላ ስለነበር ቤቷን እንደ ቤቴ አውቀዋለሁ። ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባት ነበር። ሦስተኛውን ስትይዝ ዳኘው እንስራ እንዳታነሳ ከልክሎ፣ ውኃ የምታመጣ ሴት ቀጥሮላት፣ በየጉዞው ከቆላ ብርቱካን ያመጣላት ነበር። ወሯ እየገባ ሳለ ወደ ታች ወረደ። በስምንተኛው ቀን መመለስ ልማዱ ነው። ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ሦስተኛው ገባ። ከሊማሊሞ በታች ያለው መንገድ በዚያ ዘመን ማንን እንደሚያሳልፍና ማንን እንደሚያስቀር የሚታወቅ አልነበረም። መኪኖች በወታደር ታጅበው፣ ተሰልፈው ይወጡና ይወርዱ ነበር፤ ወጥተው በደባርቅ ሲያልፉም ማንም ሾፌር ከሰልፉ ወጥቶ እንዲቆም አይፈቀድለትም።

ወሬውን ያመጣው ካሳ ነው፤ ጎንደር አራግፎ ሲመለስ። ቀዮን ከመንገድ ወጥታ ከገደሉ ሥር አገኛት። ምክንያቱን አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም፤ በዚያ ዘመን ካልጠየቁት ነገር ሰላም ይገኝ ነበር። ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ሆኖ ዳኘውን በመንገድ ዳር ባለች ቤተ ክርስቲያን ቀበረው። ከመኪናዋ የተረፈው ጡሩምባው ብቻ ስለነበር ፈትቶ፣ በጆንያ ጠቅልሎ፣ ከመቀመጫው ሥር ይዞት መጣ። ለደሴ ነገረው፤ ደሴ ለአባ ይባቤ ነገረ። አባም እኛን ሰበሰቡን።

በእኛ አገር መርዶ እንደ ደብዳቤ ለባለቤቱ ወዲያው አይሰጥም። የሚረዳው ሰው ሁኔታ ይታያል፤ የታመመ፣ መንገደኛ፣ ነፍሰ ጡር ከሆነ ይቆያል፤ ሲደርስም በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በሽማግሌ አፍ ይነገራል። ስለዚህ መዘግየቱ አላከራከረንም። ስንዱ እስክትወልድ፣ ልጁም ክርስትና እስኪነሳ፣ ወንድ ቢሆን አርባ ቀን ሴት ብትሆን ሰማንያ ቀን፣ ዝም እንድንል ተስማማን። ያከራከረን ሌላ ነበር።

«ዝምታው ራሱ ሊገድላት ነው» አሉ እማሆይ ጥሩነሽ። «ጆሮዋን መንገዱ ላይ ጥላ ትውላለች። እህል ካፏ አይገባም። ትናንት አጥሚት አፍልቼ ብሰጣት፣ ‹እሱ ሲመጣ አብረን› ብላ አስቀመጠችው። ይህ ፅንስም ቢወርድ እሷም አትተርፍም።»

ሁላችንም ጡሩምባውን አየን። የተናገርሁት እኔ ነኝ። ካሳ ጭኖ ወደ ታች ሊወርድ ተዘጋጅቶ ነበር፤ በሳምንቱ ከሰልፉ ጋር ይመለሳል። ደሴ ጡሩምባውን በካሳ መኪና ላይ ቢገጥመው፣ ካሳም በመጨረሻው መታጠፊያ የዳኘውን ዜማ ቢነፋ፣ ሰልፉ በደባርቅ ስለማይቆም ስንዱ ባሏ ወደ ጎንደር አለፈ ብላ ታምናለች፤ ትበላለች፤ ትወልዳለች።

ካሳ ራሱን ነቀነቀ። «መምህር፣ እኔ የሞተ ሰው ድምፅ አልሰርቅም።»

«አትሰርቅም፤ ታደርሳለህ» አልሁት።

«ሐሰት ነው» አሉ አባ ይባቤ። «ለነፍሰ ጡር ሐሰት መንገር፣ እኔ የንስሐ አባቷ ቁጭ ብዬ?»

«አባ፣ ሐሰት በቃል ነው። ጡሩምባ ቃል የለውም። እኛ ዳኘው መጣ አንላትም። ጡሩምባ ይነፋል፤ የሰማችው እንደሰማችው ነው።»

አባ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ቅኔ ቤት የቆየኸው ለዚህ ኖሯል?» አሉ። ሐጂ እድሪስ መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ «አባ ይባቤ» አሉ፣ «ኃጢአቱን ለስድስት እንካፈለው። ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ ለስድስት ግን ያን ያህል አይሆንም። እኔም የኔን ድርሻ ወደኔ ቤት ይዤ እሄዳለሁ።» በዚህ ነገር አባ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ነገሩም አለቀ። ደሴ ያንኑ ዕለት ገጠመው።

በሳምንቱ ምሳ ሰዓት ላይ ስንዱ ቤት ነበርሁ፤ ልጠብቃት የተመደብሁ ነኝ። እርሷ ደጃፉ ላይ በዝቅተኛ በርጩማ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። በመጀመሪያ የወታደር መኪኖች መጡ። ቀጥሎ ከተራራው አፍ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም ተሰማ። እኔ ራሴ፣ ነገሩን የመከርሁት ሰው፣ ዳኘው መጣ ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ። ስንዱ ሰፌዱን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች፤ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ሰልፉ በአቧራ ተሸፍኖ ከፊታችን አለፈ፤ ሸራ የለበሰ፣ ጭቃ የበላ መኪና አንዱ ከሌላው አይለይም። የመጨረሻው ወደ ዳባት አቅጣጫ እስኪጠፋ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም። ዓይኗን ጨፍና ትሰማ ነበር። ከዚያ «አለፈ» አለች። «መምህር፣ እስኪ እማሆይ ያስቀመጡልኝን አጥሚት አቀብለኝ።» ጠጣችው። እንጀራም አስቀረበች፤ በላች። እኔ ወጥቼ ወደ ደሴ ጋራዥ ስሄድ እግሬ መሬት አይነካም ነበር። ደሴ ሲያየኝ መፍቻውን ጥሎ አቀፈኝ፤ ሸሚዜ ላይ የቀረው የእጁ ዘይት በኋላ በምንም ዓይነት ሳሙና አልለቀቀልኝም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስንዱ የሰጧትን ሁሉ በላች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን በእማሆይ ጥሩነሽ እጅ ሴት ልጅ ወለደች። ሴት በመሆኗ ዝምታችን ከአርባ ወደ ሰማንያ ቀን ተራዘመ። ሰማንያው ቀን ምን እንደሚመስል ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። በየቀኑ እየሄድሁ ምሳ እበላለሁ፤ ዓይኗን ላለማየት ወጡን እያየሁ እበላለሁ። «ጎንደር ሥራ ይዞት ይሆናል» የሚል ደንበኛ አይጠፋም፤ እርሷ «ይሆናል» ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም። እኔም ቃል ስላልተናገርሁ አልዋሸሁም እያልሁ ራሴን አጽናና ነበር።

ልጅቱ ክርስትና ተነሳች፤ ስሟን እናቷ ትዕግሥት አለቻት። በማግሥቱ ማለዳ፣ ጤዛው ሳይነሳ፣ ስድስታችንም ከጥቂት ዘመዶች ጋር ሆነን ወደ ግቢዋ ገባን። አባ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ናቸው። በሩ ተከፍቶ ነበር። ስንዱ ፀጉሯን ተቆርጣ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ቁርበት ተቀምጣ አገኘናት።

«ግቡ» አለች። «ስጠብቃችሁ ነው ያደርሁ።»

አባ ይባቤ መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ማን ነገረሽ?» አሉ።

«እናንተ ናችሁ። ጡሩምባው የዳኘው ነበር። ሞተሩ ግን የናፍጣ ነው፤ ያስል ነበር። ቀዮ አታስልም። ሾፌር ጡሩምባውን በሰው መኪና ላይ የሚያስገጥመው በምን ምክንያት ነው? በቁሙማ አይሰጥም።»

ደሴ ዕድሜውን ሙሉ ሞተር ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ነው፤ ካሳ ያንን የናፍጣ መኪና በየቀኑ የሚነዳ ነው፤ እኔ ራሴን ብልህ አድርጌ የምቆጥር ነኝ። ከስድስታችን አንዳችንም ስለ ሞተሩ አላሰብንም። ሴት የምትሰማው ጡሩምባውን ብቻ መስሎን ነበር፤ እርሷ ግን ስታዳምጥ የኖረችው ሞተሩን ኖሯል። ጡሩምባው ለከተማው ነበር። ሞተሩ ለእርሷ ነበር።

«ታዲያ ለምን በላሽ?» አልኋት። ለቅሶ ቤት የሚጠየቅ ጥያቄ አልነበረም፤ አፌ ቀደመኝ።

«ይህን ያህል ሰው ተጨንቆ ያዘጋጀልኝን እንዴት አልበላም?» አለች። «ደግሞ ልጄን ይዣት ነበር። እሷን ወልጄ ክርስትና እስካስነሳ የማለቅስበት ጊዜ አልነበረኝም።» ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው። እርሷ ስታለቅስ ካሳ ከበሩ ውጭ ግንባሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ቆሞ ነበር።

ከመርዶው በኋላ አርባ ቀን ሲያልፍ ስድስታችንንም አስጠራችን። ልጅቱን ታቅፋ ነበር። «ፎቶ የለውም» አለች። «መቃብሩ ማዶ ነው፤ መንገዱ መቼ እንደሚከፈት እግዜር ያውቃል። ለዚች ልጅ የምሰጣት አባት የለኝም። እናንተ የሰጣችሁኝ ድምፅ ግን አለ። አባትሽ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ አንቺ በሆዴ ሳለሽ፣ ጡሩምባ ነፍቶ ተሰናብቶን ሄደ እላታለሁ። እኔ በሕይወት እስካለሁ አፋችሁን ያዙ።» አባ ይባቤ ሐሰት ነው አላሉም። ጡሩምባውን ካሳ ለደሴ መለሰለት፤ በራሱ መኪና ላይ ሊሰማው አልቻለም። ከዓመታት በኋላ ደሴ ሲሞት ልጆቹ «አደራ ያንተ ነው ብሏል» ብለው ለእኔ አመጡልኝ። ከመጻሕፍቴ ሣጥን ሥር አስቀመጥሁት።

እንግዲህ ትዕግሥት ደጃፌ ባገኘችኝ ማግሥት ያንን ጡሩምባ በጋቢዬ ሥር ይዤ በነጭ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጥሁ። ከተማውን ስናልፍ የነዳጅ ማደያው ደጃፍ ላይ ጄሪካን የያዙ ሰዎች ተሰልፈው ነበር። የደሴ ጋራዥ የነበረበት ቦታ አሁን ስልክ መጠገኛ ነው። ከመስኮቱ ያየኋቸው ልጆች መኪናዋን ቀና ብለው እንኳ አላዩም፤ ማን መጣ ብሎ ከቤቱ የወጣ ሰውም የለም። እንዲህ ያለ መኪና ሲበዛ ጆሮ ለመንገድ የሚሰጠው ሥራ አይኖርም ብዬ አሰብሁ። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። የቀዮን ጭስ በልቻለሁ፤ ቤንዚን የጠፋ ጊዜ በሽተኛ በቃሬዛ እስከ ዳባት ሲሄድ አይቻለሁ። ለሳንባችን ይህቺ ነጭ መኪና ትሻላለች። ብቻ ማንም ሚስት ባሏን ከእርሷ ድምፅ አትለይም።

ከመጨረሻው መታጠፊያ ላይ መንገዱን ለቅቃ ቆመች። ከእግራችን ሥር ገደሉ፣ ከማዶ የጠለምት ሰማያዊ ተራሮች ተዘርግተዋል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከመንገዱ ዳር ሣር ይነጫሉ። መኪናዋ ድምፅ ስለሌላት የሣሩ መነጨት ይሰማ ነበር።

«ጋሼ» አለች፣ «እርስዎ ያን ቀን ቤታችን ነበሩ። እማዬ ነግራኛለች። ድምፁን ሁልጊዜ ትነግረኝ ነበር፤ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም። ፊቱን ግን ስጠይቃት አቧራ ነበር ትለኛለች። እርስዎ አይተውት ይሆናል። ሲያልፍ በጋቢናው መስኮት በኩል ምን ይመስል ነበር?»

ጡሩምባ ቃል የለውም ብዬ የሞገትሁበት ያ ክርክር ይህን ያህል ዘመን ተሸክሞኝ እዚህ ድረስ አደረሰኝ። አሁን ግን የተጠየቅሁት በቃል ነው፤ የምመልሰውም በቃል ነው። ፊት መፍጠር እችል ነበር። የዳኘውን ፊት ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ቀይ ስካርፉን ጨምሬ፣ እጁን በመስኮት አውጥቶ አልፏል ብላት እስክትሞት ድረስ ይዛው ትኖር ነበር። ስንዱ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗል፤ የያዘኝ ቃል ኪዳን አብሯት ተቀብሯል። ጋቢዬን ገለጥ አድርጌ ጡሩምባውን በመካከላችን አኖርሁት። ከዚያ ነገርኋት። ስለ ወይራው ዛፍ፣ ስለ ስድስታችን፣ ስለ ካሳ፣ እናቷ ስለጠጣችው አጥሚት፣ ስለ ማለዳው፤ ምንም አላስቀረሁም።

ነገሬን ስጨርስ ትዕግሥት ጡሩምባውን አየችው። ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ነበር።

«ስለዚህ በየዓመቱ እዚህ እየመጣሁ የማለቅሰው ለካሳ ኖሯል» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ነበረ፤ ይገባታልም።

«ጡሩምባው የአባትሽ ነው። ካሳ ያዋሰው እጁን ብቻ ነው።»

«እማዬ አንድ ቀን እንኳ አልነገረችኝም።»

«ፊቱን ስትጠይቂያት አቧራ ነበር ብላሻለች። አቧራ ነበር። አልዋሸችሽም።»

በዚህ ላይ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልታወቀኝም። ጡሩምባውን ከጆንያው አውጥታ የዛገውን አፉን በመዳፏ ጠረገችው። እዚች መኪና ላይ ይገጠም እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይገጠምም አልኋት፤ ይህን ጡሩምባ የሚያስጮኸው የትልቅ መኪና ንፋስ ነው፤ የእርሷ መኪና እንዲህ ያለ ትንፋሽ የላትም። «እንግዲያው በእሷው ድምፅ ያሰሙኝ» አለችና እጄን ይዛ መሪው መካከል ላይ አደረገችው። እኔ በዕድሜዬ መሪ የጨበጥሁት ፎቶ አንሺው ዘንድ ብቻ ነው። ጫንሁት። ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም። ቀጭን፣ የአሻንጉሊት የሚመስል ድምፅ ነበር፤ ጭላዳዎቹ እንኳ ቀና አላሉም።

ትንሽ ቆይቶ ግን ከሥር፣ ከሁለት ወይም ከሦስት መታጠፊያ በታች፣ ጭነት የከበደው መኪና በወፍራም ጡሩምባ መለሰ። ሕጉን የሚያውቅ ሾፌር ነበር። ሽቅብ ሲጎትት ሞተሩ እየቀረበ መጣ፤ ትዕግሥት መስኮቷን ዝቅ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችው።

«ያስላል» አለች። «የናፍጣ ነው፣ አይደል ጋሼ?»

«የናፍጣ ነው» አልኋት።

አባ ይባቤ ቀድመው ሄዱ፤ እማሆይ ጥሩነሽ በገዳማቸው አረፉ፤ ሐጂ እድሪስ የኃጢአታቸውን ድርሻ ይዘው ዳባት ተቀበሩ፤ ካሳ ወደ ታች ወርዶ አልተመለሰም፤ ደሴን በእጄ ቀበርሁት። ከስድስታችን የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ከዚያች ጠዋት ወዲህ ግን ነገሩን የምናውቅ ሁለት ነን።